ማስፈራሪያ የተደረገችው አክስት

ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም «ሲስተር» ይሏታል። የሕፃናት መርፌ ክፍል ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ቆሽቷን ያሳረረው የልጆች ለቅሶ አልነበረም፤ ልጅ መርፌ አይቶ ቢያለቅስ ምን ይገርማል? የሚያበግናት ከበሩ ውጪ፣ አግዳሚው ላይ የሚባለው ነገር ነበር።

«አርፈህ ካልተቀመጥክ ሲስተር በትልቁ ነው የምትወጋህ» ይላል አንዱ አባት፣ ለሳል ሽሮፕ ብቻ ያመጣውን ልጁን።

«መርፌ አልታዘዘለትም እኮ አባት» ትላለች።

«ምን ላድርግ ሲስተር፣ ከአንቺ ሌላ የሚፈራው የለም» ብሎ ይስቃል። እሷን ግን አያስቃትም። ቀኑን ሙሉ ስታባብል የምትውለውን ሰው ጭራቅ አድርገዋት ቁጭ።

ያም ሆኖ የባዳ ነገር ነው ብላ ትችለው ነበር። የገዛ እህቷ ቤት ይገባል ብላ መች አሰበች።

ታናሽ እህቷ ቤቷ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ ሚጡ ይሏታል። እሳት ናት፤ ቁልፍ ትበትናለች፣ ክር ትተበትባለች፣ በሰው ጨርቅ ላይ በጠመኔ ትስላለች። ድሮ አክስቷ ስትመጣ እግሯ ላይ ትጠመጠም የነበረችው ልጅ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መጋረጃ ኋላ መደበቅ አመጣች።

«ምነው ሚጡዬ፣ ተጣላን እንዴ?»

«እያደገች ነዋ እትዬ፤ ሰው ማፈር ጀምራለች» አለች እናት፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናው ሳታነሳ።

አንድ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ ሰው በሚያዝልበት ከሰዓት፣ አክስት ልጅቱን ወፍራም ሹራብ ለብሳ አገኘቻት። እጅጌዋን በጡጫዋ ጨብጣዋለች። ቀስ ብላ ሰብስባ ስታየው ክንዷ ተቃጥሏል፤ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ፣ ዳር ዳሩ አመርቅዟል።

«አትውጊኝ አክስቴ» አለች ልጅቱ። «ካውያውን ሁለተኛ አልነካም።»

«ማን ነው ትወጋሻለች ያለሽ?»

ልጅቱ እናቷን አየች።

የስፌት መኪናው ቆመ። እናት ክንዱን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እውነቴን ነው እትዬ፣ መቃጠሏን አላወቅኩም።»

«ከየት ታውቂ! ብትነግርሽ እኔ ልወጋት ነዋ።» ደሟ ፈላ። «እኔ እኮ ቁስል ላክም የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ልጅቱ ቁስሏን ከእኔ ትደብቅ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ካውያው ግሏል፣ ደንበኛዋ በር ላይ ቆማለች፣ ሺህ ጊዜ ተይ ብያት አልሰማ ስትል ያንቺን ስም ጠርቼ አስፈራራኋት። አንቺ አባብለሽ ትሸኛለሽ። እስቲ አንድ ቀን አብረሻት ዋይ።»

ነገሩ እውነትነት ነበረው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ቁስሉን አጥባ በፋሻ ሸፈነችና «እሺ፣ ነገ እውላለሁ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ገና ወንበር ከመያዟ ሚጡ የቁልፉን ቆርቆሮ ገለበጠች። አክስት ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«ቁልፍ አይበተንም። ነይ አብረን እንልቀም።»

ልጅቱ ቆርቆሮውን በእርግጫ አለችው። አክስት አንስታ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው። «እስክንለቅም እዚያ ይቆያል።»

ሚጡ ተዘርራ ቤቱን በጩኸት አናጋችው። ጎረቤት አንገቷን አስግጋ «ደግሞ ማን ሞተባችሁ?» አለች። እናትም «ስጫትና እንገላገል» አለች። አክስት ልትጮህ አፏን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። ጥርሷን ነክሳ እዚያው ተቀመጠች፤ ቃሏንም አላጠፈች፣ ልጅቱንም አልነካች። ጩኸቱ ደክሞ ወደ ሳግ ሲወርድ፣ ሚጡ ከሶፋው ሥር አንዲት ቁልፍ አውጥታ በቁጣ አክስቷ መዳፍ ላይ ጣለች። ከዚያ ሌላ አመጣች።

«ያንቺ መንገድ ዕድሜ ይጨርሳል» አለች እህት።

«ያንቺስ የልጅቱን ክንድ አይደል የጨረሰው?»

እህት የዚያኑ ዕለት ካውያውን ልጅ ወደማይገባበት ክፍል አዛወረች። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። አክስት ያንን ጠባሳ ባየች ቁጥር እንደ አዲስ ትናደዳለች።

አንድ ቀን እህቷ ደወለችላት።

«እትዬ፣ ዛሬ አፌ ላይ ደርሰሽ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ዋጥኩሽ።»

ሳቋ መጣ፤ ንዴቷ ግን ገና አልወጣላትም። «መዋጥሽን ቀጥዪ» ብላ ስልኩን ዘጋች።