ወደ ውስጥ የሚባል እሺ

ዛሬ በሰፈራችን የሕዝብ ማእከል፣ በማትናሱ፣ በማስተምረው የልጆች የድርሰት መለማመጃ ሳድና ላይ አንዲትን ልጅ «የጻፍሽውን ታነቢልናለሽ?» አልኳት። ድምፅ አውጥታ አየር ወደ ውስጥ ሳበች። በዚያች ትንፋሽ ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ተመለስኩ።

ያን ጊዜ እኔም እዚሁ ክፍል እማር ነበር። በእስራኤሏ ከተማችን በናታንያ የባሕር ዳር አሳንሰር ተሳፍሮ ከተማ ስለገባ ዓሣ ነባሪ ጽፌ ነበር። መድሪኻችን፣ አስተማሪያችን፣ «ታነቢዋለሽ?» ስትለኝ፣ እንደ ቤታችን ወግ ዓይኔን ሰበር አድርጌ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ። እኛ ዘንድ ይኸ ሙሉ እሺ ነው። እሷ ግን ወጋችንን ስለማታውቅ የደነገጥኩ መስሏት «አይዞሽ፣ ግዴታ የለብሽም» ብላ አለፈችኝ።

አባቴ ከሳፒር የፋብሪካ ሰፈር ፈረቃው ወጥቶ፣ ካርቶን ካርቶን እየሸተተ ሊወስደኝ ሲመጣ፣ እያለቀስኩ ነገርኩት።

«እሺታሽን ካልሰሙ፣ ዓሣሽን ልቀቂባቸው!» አለኝ።

የገባኝ ግማሹ ነው። ግማሹም በቃኝ። ተመልሼ ገባሁና ወንበር ላይ ወጣሁ። ልጆቹ ቦርሳቸውን እያነሡ ነበር፤ እየጮኽኩ ሳነብ አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ። መድሪኻዋም ተቀመጠች።

ዛሬ ረዳቴ ጠጋ ብላ «ፈርታለች፣ እንለፋት» አለችኝ።

«ማንም አያልፋትም!» አልኩ። «ልጅቷ እሺ ብላለች። ዝም ብላችሁ ስሙ።»