እጥፍ የሞቀው ማክሰኞ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሚዛን» ነው የሚላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ወፍጮ ቤት የሰው እህል ሲመዝኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወፍጮ ቤቱ ያወጣላቸውን ስም ይዘው ቤታቸው ገቡ። የሐሜተኛ አፍ መቼም አይከደንም፤ ሚስታቸውን እንኳ ያጩት በዓይናቸው መዝነው ነው የሚል አለ። ነፍሷን ይማረውና እሷም ስትስቅ «ኪሎዬን እስከ ግራሙ ነግሮኛል» ትል ነበር ይባላል።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው በቁጥር ያምናሉ። ሁልጊዜ ከመመዘናቸው በፊት ባዶውን ሚዛን ያዩታል፤ መርፌው ልክ ዜሮ ላይ ካልቆመ ንክች አያደርጉትም። አምስት ኪሎ አምስት ኪሎ ነው። አሥር ኪሎ የአምስት ኪሎ እጥፍ ነው። ያልተዋጠለት ተሸክሞ ይሞክረው።

ጡረታው ግን ከበዳቸው። አንዲት ልጃቸው ጫጩት አሳዳጊ ናት፤ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጋቱራ አንጥፋ፣ ዙሪያውን በካርቶን ከልላ፣ ሁለት ትልልቅ ማሞቂያ አምፖሎች አንጠልጥላባታለች። አባቷ በሩ ላይ ቆመው «ላግዝሽ?» ባሉ ቁጥር «አባዬ፣ አንተ አረፍ በል» ትላቸዋለች። ይቺ «አረፍ በል» አጥንታቸው ድረስ ትዘልቃለች። በእርግጥ ልጅቱም ምክንያት አላት፤ አምና ችግኞቿን ጠብቅልኝ ብላ ብትሰጣቸው ውኃ አጠጥተው አጠጥተው አበስብሰውባታል።

ሰኞ ጠዋት ግን አማራጭ አጣች። ለሁለት ቀን ሥልጠና ሌላ ከተማ መሄድ ነበረባት። የክፍሏን ቁልፍ እጃቸው ላይ አስቀመጠች፤ ለመልቀቅ ግን ትንሽ ቆየች።

«ስልሳ ናቸው። ከተፈለፈሉ ገና አራት ቀናቸው ነው። ሲበርድ ሁለቱም አምፖል ይበራል፤ ሲሞቅ አንዱን ታጠፋለህ። ሌላ ነገር እንዳትነካ።»

«ጫጩት ጠብቄ የማላውቅ መሰለሽ?»

«አታውቅማ፣ አባዬ!»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

«ነገ አመሻሽ ላይ ስመለስ ደህና ሆነው ካገኘኋቸው ቁልፉ ያንተ ነው፤ ሥራውም ያንተ። ካልሆነ ግን ሰው እቀጥራለሁ።»

ሰኞ ሰላም ዋለ። ብርድ ስለነበር ሁለቱም አምፖል ሲበራ ዋለ፤ ጋሽ ሚዛንም በየሰዓቱ በሩን ከፍተው «አላችሁ?» ሲሉ ዋሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮ ከፈቱ። የአየር ሁኔታ አንባቢዋ ድምፅ ሁሌም ሎተሪ የወጣላት ሰው ድምፅ ነው።

«ደስ የሚል ዜና ይዘንላችኋል! ነገ ሙቀቱ የዛሬውን እጥፍ ይሆናል!» አለችና ቁጥሩን ሳትናገር ወደ ሙዚቃ ዘለለች።

«እጥፍ!» አሉ ጋሽ ሚዛን፤ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሌላ ሰው እጥፍ ሲባል «ደህና ይሞቃል» ብሎ ያልፈው ይሆናል። እሳቸው ዘንድ ግን እጥፍ ሁለት ጆንያ ነው። ስሌታቸውን ሠሩ፤ ውጭው እጥፍ ከሆነ ውስጡ ግማሹ ይበቃዋል። ማክሰኞ ጠዋት አንዱን አምፖል አጠፉ። እንዳይታፈኑ ብለውም መስኮቷን ገርበብ አደረጓት። ከዚያ ካፖርታቸውን ምስማሩ ላይ ትተው በሸሚዝ ብቻ ወጡ።

ደጁን እንዳለፉ ብርዱ ጆሯቸውን ያዛቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ዳሰሱት። ሬዲዮው እጥፍ ብሏል፤ ቆዳቸው ደግሞ ሌላ ይላል። የተማረች ልጅ ትዋሻለች ማለት ቢከብዳቸው ቆዳቸውን ጠረጠሩ። «እርጅና ነው» ብለው፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ መንገዱን ያዙ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፈው ሰው ግን ሁሉም ተጀቡኗል፤ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቋል። «ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሬዲዮ አይሰማም ማለት ነው?» አሉ በሆዳቸው።

ጥጉ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሽ ሚዛን! ምነው በሸሚዝ? ሊሞሸሩ ነው እንዴ?»

«ዛሬ እጥፍ ይሞቃል ተብሏል።»

«የምን እጥፍ?»

«የትናንት እጥፍ ነዋ!»

«ኧረ እጥፍ ማድረግስ ብርድ ልብሱን ነበር!»

ከሱቋ በር ውጭ የሟች ባሏ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። መሐሉ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር፣ በግራና በቀኙ ሁለት ረድፍ ቁጥር። ወጣ ብላ አየችው።

«ትናንት በዚህ ሰዓት ሁለት ነበር። ዛሬ አራት ነው።»

ጋሽ ሚዛን አፍንጫቸውን አስጠግተው አዩ። «እና እጥፍ ነዋ!»

«እጥፍ ነው።»

«ታዲያ ለምን ይበርደኛል?»

«አራት ስለሆነ ነዋ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉና ወደ ቀኙ ረድፍ ዞሩ። «እዚህ ጋ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ ይላል። ከሁለት ትይዩ ያለው ስንት ነው? ሠላሳ ስድስት። እና እጥፉ የታለ?»

«የቀኙ የሌላ አገር አቆጣጠር ነው፤ ባሌ እንደዚያ ይል ነበር።»

«መስመሩ አንድ፣ ብርዱ አንድ! በግራ ሲያዩት እጥፍ፣ በቀኝ ሲያዩት ሦስት ብቻ? የኔ ሚዛን እንዲህ ቢያደርግ እኮ ሰዉ በድንጋይ ያባርረኝ ነበር!»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «እስቲ ልጠይቅዎት። የእርስዎ ሚዛን ዜሮ ሲል ላዩ ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ባዶ ነዋ።»

«ይሄስ ዜሮ ሲል ባዶ ነው?» ጣቷን ከዜሮው ወደ ታች አወረደች። «ይኸው፣ ከዜሮ በታችም ቁጥር ሞልቷል። ዜሮው ውኃ በረዶ የሚሆንበት ነው እንጂ ሙቀት ያለቀበት አይደለም።»

ጋሽ ሚዛን ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከባዶ በታች የሚመዝን ሚዛን አላዩም። ዜሮው ባዶ ካልሆነ እጥፉ የምን እጥፍ ነው? አንባቢዋ አልዋሸች፤ እውነቱንም አልነገረቻቸው። ታዲያ ምንድን ነው ያደረገችው? ነገሩ ጭንቅላታቸው ውስጥ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ አንዲት ፍሬ ብቻ ጠብ አደረገ፤ አራት ብርድ ነው።

«ጫጩቶቹ!» ብለው ሮጡ። በሰባ ዓመታቸው ሲሮጡ ያያቸው መንገደኛ ሌባው የታለ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ።

ክፍሏ ውስጥ በበራው አምፖል ሥር ስልሳው ጫጩት አንድ ቢጫ ክምር ሆኗል፤ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። መስኮቷን ዘጉ፣ የጠፋውን አምፖል አበሩ፣ ክምሩን በጣታቸው ቀስ እያሉ በተኑ። ከሥር የነበሩት ሦስቱ አልተነሡም። ጋሽ ሚዛን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው ሦስቱን ደረታቸው ላይ አስገቡና ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ቆይቶ አንዷ ጫር አደረገቻቸው። ቀጥሎ ሌላዋ። ሦስተኛዋ ዝም እንዳለች ቀረች።

ልጃቸው ስትመለስ እዚያው አገኘቻቸው፤ ፀጉራቸው ላይ ሰጋቱራ ተሰክቷል።

«ስንት ናቸው?»

«ሃምሳ ዘጠኝ» አሉ። ቁልፉን ዘረጉላትና እጥፉንም፣ መስኮቷንም፣ የቀኙንና የግራውን ቁጥርም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ልትስቅ ወይ ልትቆጣ ፊቷ መወሰን አቃተው።

«አባዬ፣ ሬዲዮ ስማ ማን አለህ? እነሱን ማየት ነበር። ሲበርዳቸው ይከመራሉ። ሲሞቃቸው ከአምፖሉ ይሸሻሉ። ሲመቻቸው ተበታትነው ይተኛሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ይሄን ሰኞ ጠዋት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ልጃቸው ፀጉራቸው ላይ የተሰካውን ሰጋቱራ ነቀለችላቸው።

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች። የዘረጉትን እጅ ቁልፉ ላይ መልሳ ጨበጠችላቸው። «ግን ያ ሬዲዮ እዚህ ክፍል ድርሽ እንዳይል!»

ከወዲያኛው ክፍል አንባቢዋ በዚያው በሎተሪ ድምፅዋ ነገ ከዜሮ በታች ሁለት እንደሚሆን ታበስራለች። ጋሽ ሚዛን ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ከአራት ተነሥቶ ከዜሮ በታች ሁለት ሲገባ... ስንት እጥፍ ቀዘቀዘ ይባላል?»

«አባዬ!»

«እሺ፣ እሺ።» ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ጫጩቶቹን አዩ። ተበታትነው ተኝተዋል። ሁለቱን አምፖል እንደበሩ ትተው፣ በጣቶቻቸው አንድ ነገር እየቆጠሩና እየተዉ፣ እንደገና እየቆጠሩ ወጡ።