ስህን ባሏን ከወንበር ያወረደች ጊዜ

ዝናውን ከወረዳ ምክር ቤት ወንበሩ ያወረደችው የገዛ ሚስቱ ስህን ናት። ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ እንዲህ ብዬ ነው የምጀምረው፤ ከዚያ ሳቄ ይቀድመኝና ሳልጨርሰው እቀራለሁ። ዛሬ ግን ጥርሴን ነክሼም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። ዋሲላ እባላለሁ፣ የስህን ጎረቤት ነኝ። በመሃላችን አጥር ነበር፤ እሱን ፍየሎቼ በልተው ጨርሰውታል።

ስህን የአርዲቦ ሐይቅ ልጅ ናት። ከሐይቁ ዳር ተድራ ወደዚህ ወደኛ አምባሰል ዳገት ስትመጣ ገና ልጅ እግር ነበረች። ስትስቅ ከወንዙ ማዶ ይሰማል፣ ስትቆጣም ያው ነው። በመጣች በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ የድንች መደቧን ጠርጎ ወሰደባት። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እሷ ጎርፉን በስም እየጠራች ስትሰድበው ዋለችና በማግስቱ ዶማ ይዛ ወጥታ ቦይ ቆፍራ መንገዱን አስቀየረችው። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ ወላሂ እኔ እንኳ እፈራታለሁ።

ዝናው ደግሞ አራሽ ነበር፣ ያውም ፉጨተኛ አራሽ። ሞፈር ሲጨብጥ የአምባሰልን ዜማ በፉጨት ይይዘዋል፤ በሬዎቹ እሱን ሳይሰሙ እግራቸውን አያነሱም። እኛ ቤት ሆነን ፉጨቱን ስንሰማ «ዝናው ወጣ» እንላለን። ስህን ቤት ውስጥ ሆና ዜማውን እየተከተለች ስታንጎራጉር ይሰማኛል። እንዲህ ነበር የሚኖሩት፣ ሳያወሩ እየተነጋገሩ።

አይ ምርጫ! አፉ ይጣፍጣል ብለን መረጥነው። ለወረዳው ምክር ቤት የኛ ተወካይ ሆኖ ወረዳው ከተማ ውጫሌ ወረደ። መጀመሪያ ለስብሰባ ብቻ ነበር የሚሄደው። ቀጥሎ ቋሚ ኮሚቴ አስገቡት፣ ቀጥሎ ሰብሳቢ አደረጉት፣ ከዚያ ስልጠና፣ ከዚያ ግምገማ፣ ከዚያ ውጫሌ ቤት ተከራየ። እሁድ እሁድ ከመጣ እሰየው ነው፤ ያኔም ኮቱን ሳያወልቅ ይተኛል። የእህቱ ልጅ ሊያርስለት ቢሞክር በሬዎቹ ማሳው መሃል ቆመው ያዩታል። ስህን ወጥታ ልታፏጭላቸው ሞከረች፤ አንዱ በሬ ተኛ።

ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ይብሳል። ራት ቀርቦ ሲያበቃ ዝናው ጉሮሮውን ይጠርግና «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» ይላል። ሚጥሚጣ አቀብይኝ ለማለት ነው እኮ! ስህን የጎደለውን ስታወራው አንገቱን እየነቀነቀ «ጥሩ ሃሳብ ነው፣ ተይዟል» ይላታል። አንድ እሁድ ማታ እንባዋ እስኪመጣ ነገረችው፤ ወደ ዞን ሊያሳድጉት እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ደሴ ሊቀመጥ እንደሆነ ከሰው ሰምታ ነበር። «ዝናው፣ አሁንስ ጨርሼ ላጣህ ነው» አለችው። እሱዬው ሆዬ ግማሽ ዓይኑን ከድኖ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢ።»

ጠዋት እኔ ቤት ስትመጣ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ነገሩን ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው ስህኔ?» አልኳት።

«በጽሑፍ ላቀርብ ነዋ!» አለች። «የመረጠ ማውረድም ይችላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ደሴ ሳይሄድብኝ አወርደዋለሁ። ባሌ ነው፣ ይመልሱልኝ!»

ተያይዘን ወደ ቀበሌ ሄድን። ጉዳዩን የሚያየው ትዕዛዙ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ መነጽሩን ይጠርጋል። ስህን የመጣችበትን ስትነግረው መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ከዚያ ደንቡን አውጥቶ አነበበልን። ምክንያቱ ይጻፍ። ፈራሚው የዚሁ አካባቢ መራጭ ይሁን፣ በራሱ እጅ ይፈርም፣ ማንም አያስገድደው፣ ማንም አያባብለው። ተወካዩ በደብዳቤ ይነገረው፣ በሕዝብ ፊት መልስ ይስጥ። የፈረመ ሰው ሃሳቡን ከለወጠ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ራሱ ቀርቦ ፊርማውን ማንሳት ይችላል። ከዚያ ድምፅ ይሰጣል።

«ሚስት መፈረም ትችላለች?» አለች ስህን።

ትዕዛዙ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «መራጭ ይላል እንጂ ሚስት አትፈርም አይልም» አለ።

ፊርማ ማሰባሰብ ቀላል መስሎን ነበር። ኧረ ጉዳችን! እኛ አገር ሰው ለጠየቀው ሰው እምቢ አይልም፤ ይሉኝታ ይዞታል። ስህን ደጁ ስትቆም «ላንቺማ ምን ገዶኝ» ብሎ ይፈርማል። እሁድ ዝናው ሲመጣ ያው ሰውዬ «የኛ አንበሳ!» ብሎ ትከሻውን ይስመዋል። ሰኞ በጓሮ በኩል እኔ ዘንድ ይመጣና «ዋሲላ፣ ያቺን ስሜን በዝግታ ፋቂልኝ» ይለኛል። አንዱን «ራስህ ቀርበህ አንሳ፣ ደንቡ ነው» ብዬ ብጮህበት ፍየሎቼ ደነበሩ።

መምሬ ገብረ ክርስቶስ፣ የስህን የነፍስ አባት፣ ጭራሽ ወረቀቱን አልነካም አሉ። «ልጄ፣ ባልና ሚስት የሚለይ ወረቀት ላይ ካህን እጁን አያስገባም።»

«አባቴ፣ ይኼ እኮ የሚለይ አይደለም» አለች ስህን። «የሚለየንማ ወንበሩ ነው።»

መምሬ ሳቃቸው መጣ። ብዕሩን ተቀብለው ስማቸውን በዚያ በሚያምር ቁም ጽሑፋቸው ጻፉት፤ ከላዩ ላይ መስቀልም አከሉበት።

ደንቡ የሚጠይቀው የፊርማ ብዛት ግን ገና ይጎድል ነበር። ብዙው የኛ ሰው በገበያ ቀን ውጫሌ ስለሚውል ወረቀቱን ለባሌ ለጠሃ ሰጠነው። ጠሃ ባጃጅ ይነዳል፤ ሰው የማያውቀው የለም፣ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። እንኳን ሊያባብል «ፈርም» ለማለት ራሱ ያፍራል። ለደንቡ የሚሆን እሱ ነው ብለን ነው የመረጥነው። ወረቀቱን በሰሌዳ አጣብቆ ባጃጁ ወንበር ላይ አስቀመጠና ገበያው ዳር ቆመ።

ማታ ሲመለስ መልኩ ተቀያይሯል። ወረቀቱን ዘረጋልን፣ በጣቱ አንድ ቦታ ነካልን።

ዝናው! የዝናው ስም፣ የዝናው ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ደግሞ «ሰብሳቢ»!

«ያ አላህ! ጠሃ፣ ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ምን አደረግሁ?» አለ ምስኪን። «ሰው ተሰልፎ ሲፈርም አየ። ስልክ እያወራ ነበር። ልነግረው አፌን ብከፍት በእጁ ቆይ አለኝ። ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ ፈረመና ሄደ። የስብሰባ አቴንዳንስ መስሎት ነው።»

ኧረ የሳቅነው ሳቅ! ስህን መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ አፌን በሻርፔ ብይዘው በአፍንጫዬ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ የቀረበለትን ሁሉ ሲፈርም ኖሮ እጁ ለምዷል፣ የራሱን መውረጃ ፈረመ! ስህን ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊርማውን በጣቷ ዳሰሰችው። «እጁ አልተለወጠም» አለች ቀስ ብላ። ያኔ እኔም ሳቄን ዋጥኩ።

ደብዳቤው ደረሰው፣ እሱንም ሳያነብ ፈርሞ ተቀበለ። የስብሰባውን ቀን በስልክ ሲነግሩት «እመጣለሁ፣ እኔ እመራዋለሁ» አለ አሉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ዝናው ኮቱን ለብሶ መጣና ቀጥ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ትዕዛዙ ወንበሩን አልለቀቀለትም።

«አጀንዳው ምንድን ነው?» አለ ዝናው።

ትዕዛዙ መነጽሩን ጠረገ። «አጀንዳው አንተ ነህ አቶ ዝናው።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ዝናው ወረቀቱን ሲያነብ፣ የአመልካቿን ስም ሲያይ፣ ቀና አለ። ሚስቱን ፈለጋት። ስህን ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ቆማለች፤ እጇን ይዤው ነበር።

የጻፍነው ምክንያት «መራጮቹን አያገኝም፣ አካባቢው አይገኝም» የሚል ነው። ዝናው ተነስቶ መልስ ሰጠ። እንዴት ያለ መልስ! ምንጩ በሲሚንቶ የተገነባው በማን ጩኸት እንደሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ እንዴት እንደተቀየረ፣ የዳገቱ መንገድ እንዴት እንደተጠረገ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ውሸት አንድም የለበትም። ሰው አጨበጨበ። የፈረሙት ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ፤ ሁለቱ ፊርማቸውን ሊያነሱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። አለቀልን፣ ደሴ ገባ አልኩ።

«አመልካቿ የምትጨምሪው አለ?» አለ ትዕዛዙ።

ስህን ወደፊት ወጣች። ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች።

«ያለው ሁሉ እውነት ነው» አለች። «ምንጩም ተገንብቷል፣ ጣሪያውም ተቀይሯል። እግዜር ይስጠው። እኔ ግን…» መሬት መሬት ማየት ጀመረች። እኔ ከኋላዋ «አብሽሪ ስህኔ!» ብዬ ጮህኩ። ቀና አለች። «እኔ ግን ናፈቀኝ! ባሌ ናፈቀኝ! ፉጨቱ ናፈቀኝ! በሬዎቹም ናፍቋቸዋል! በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም!»

ከዚያ ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች፣ ከዚያ ሁሉም። መምሬ ገብረ ክርስቶስ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ሊያነሱ ተነስተው የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ተመልሰው ቁጭ አሉ። ትዕዛዙ ብቻ አልተንቀሳቀሰም። «ይመዘገባል» አለና ጻፈ። ቀጥሎ የፈራሚዎቹን ስም ማንበብ ጀመረና አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«አቶ ዝናው፣ ይኼ ፊርማ ያንተ ነው?»

ዝናው ጎንበስ ብሎ አየ። ከሥሩ «ሰብሳቢ» የሚለውን አየ። ጠሃ ከባጃጁ ኋላ ተደብቋል።

«የኔ ነው» አለ።

«ታነሳዋለህ? ደንቡ ይፈቅድልሃል።»

ስህንን አያት። ረጅም ጊዜ አያት፣ ሐይቁ ዳር ሊያጫት የሄደ ጊዜ እንዳያት ማለቴ ነው፤ እኔ አልነበርኩም፣ ግን እንዲያ መሆን አለበት።

«አላነሳም» አለ። «አሁን አንብቤ ነው የምፈርመው።» ብዕሩን አውጥቶ ከፊርማው ሥር ያለውን «ሰብሳቢ» ሰረዘና በቦታው «ባሏ» ብሎ ጻፈ።

ድምፁ ወዲያው ተሰጠ፣ ዝናውም ወረደ። ከወንበሩ ሲወርድ ትከሻ ላይ የወጣ ሰው ካለ እሱ ነው። ጎረምሶቹ ተሸክመውት ሲሄዱ ስህን ከኋላቸው ኮቱን ይዛ ትሮጣለች፣ «አስተውሉ፣ ወገቡን!» እያለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዬ ሳልነሳ ሰማሁት። አምባሰል፣ በፉጨት። ቀጥሎ የበሬዎቹ ኮቴ። ቀጥሎ ከወዲያ ቤት የስህን ማንጎራጎር። ተኝቼ አለቀስኩ፤ ጠሃ ራሷን አሟት ነው ብሎ ፓናዶል አመጣልኝ።

ታዲያ ወንበሩ ባዶ አይቀመጥም። ማሟያ ምርጫ ሲደረግ ሰው ሁሉ «ስህን! ስህን!» አለ። እሷ ዶማዋን አነሳች። «ባሌን ገና ዛሬ አግኝቼ? ሞክሩኝ!» አለች። ያን ጥቁር ቀን፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ እምቢ አላልኩም። እንዲህ ሆኜ ነው የወረዳው ምክር ቤት አባል የሆንኩት፤ ይኼን የምጽፈውም ውጫሌ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ተናጋሪው አልጨርስ ብሎኝ ነው።

አቴንዳንሱ አሁን እኔ ጋ ደርሷል። ፊት ለፊቱን አነበብኩት፣ ገልብጬም አነበብኩት፣ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት ጠሃ ስህን ቤት ገብቶ ብዙ ቆይቷል፤ የኔንም መውረጃ ተማክረውብኝ እንዳይሆን። ደኅና አቴንዳንስ ነው፣ ፈረምኩ። ጠሃ ዛሬም እስከ በሩ አምጥቶኝ ውጭ እየጠበቀ ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠሩት «ሰው አለኝ» ይላል። እንደ ስህን ናፈቀኝ የሚል አንደበት የለውም። ይኸው ክላክሱን ነፋ። አሁንም ነፋ። ሰብሳቢው ተቆጣና «የማነው ይኼ ባጃጅ?» አለ።

«የኔ ነው» አልኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።