ሦስት ጁምዓ በመጋላ

ሰባተኛ ክፍል የገባሁት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ስትታመም ከስድስተኛ ያቋረጥኩትን፣ እሷ ካረፈች በኋላ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። በመሐል ያሉትን ዓመታት በሁለት ነገር ሞላኋቸው፤ ቀን ቀን የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ከስፌት የተረፈውን ሰዓት አነብባለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ ነበር የማነበው፤ ሽፋኑ የተገነጠለውንም፣ የመጨረሻ ገጾቹ የጎደሉትንም። ስለዚህ ክፍል ስገባ ከመጽሐፉ ብዙውን አውቀው ነበር። የማላውቀው ከሰው አጠገብ መቀመጥን ነበር።

የጎልማሶች ትምህርት የሚጀምረው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ከቀትር እንቅልፏ ነቅታ፣ ክፍሉ ግን ገና ምድጃ እንደሆነ። ዴስኬን የምትጋራኝ የመጋላ ሠፈር ሴት ነበረች። ሽቲ የሚባለውን ስስ የቀሚስ ጨርቅ ትነግዳለች፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፣ አፏን የፈታችው በሶማልኛ ነው። ለምን እንደምትማር ስጠይቃት፣ «ሰላሳ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ ጫፉ ላይ በእንግሊዝኛ ምን እንደተጻፈ አላውቅም። ስድብ ቢሆንስ?» አለችኝ።

መምህራችን ከደጋ የመጣ ልጅ እግር ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጎንበስ ብሎ፣ «እርስዎስ ደብተር አላመጡም?» ሲላት፣ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ አየችው።

«ማነው እሱ? ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ? አቦ አንቺ በለኝ፣ አታስረጀኝ!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የድሬ ልጅ ሆነ፤ ሁላችንንም አንቺና አንተ ይለን ጀመር።

እኔን «መቀሷ» ብላ የሰየመችኝ እሷ ናት። አንድም ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ፣ አንድም የእሷን ዓረፍተ ነገር ሳልቆርጥ ስለማላልፍ። «ናያ መቀሷ፣ ደግሞ የቱ ጋ ረዘመ?» እያለች ደብተሯን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔም በእርሳስ አርምላታለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም ብል ይሻላል። ግን በቀን ውስጥ ስሜን፣ የተሰየመልኝ ቢሆንም፣ የሚጠራኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ሐሙስ መምህሩ ለየዴስኩ አንድ አንድ ቀላል የእንግሊዝኛ ቃል አደለ። ለእኛ ዴስክ የደረሰን «ቪዚት» ነበር። በቃሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥሩ አለን፤ በአንዱ ድርጊት ይሁን፣ በሌላው ስም ይሁን። «አንድ ነገር ግን አስጠነቅቃለሁ» አለ፤ «ከመጽሐፍ የተቀዳ አልቀበልም። ስለ ራሳችሁ ሕይወት ይሁን። እውነት ይሁን።»

የመጋላዋ ሴት ወዲያው ጻፈች። ልጇን ለመጠየቅ ቢዮ አዋሌ እንደምትሄድ፣ ጉብኝቱም አቧራ እንደሆነ። ግስ ጎድሎታል፣ መስተዋድድ ጎድሎታል፤ እውነት ግን ነው። ከቢዮ አዋሌ የምትመለስ ቀን ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ቡናማ እንደሚሆን ራሴ አይቻለሁ።

እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ። እኔ ቤት ማን ይመጣል? የልጆቻቸውን ቁመት የሚያስለኩ እናቶች፤ እነሱም በር ላይ ቆመው ነው። እኔስ ማን ጋ እሄዳለሁ? የእናቴ መቃብር ጋ። መቃብር ደግሞ ክፍል ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚነበብ አይደለም። በመጨረሻ ጻፍኩ፤ «ማይ ሲስተር ቪዚትስ ሚ ኤቭሪ ሰንደይ። ኸር ቪዚት ሜክስ ሚ ሃፒ።»

እህት የለኝም። እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው።

መምህሩ በቀይ አረመልኝና ለምሳሌ ይሁን ብሎ ለክፍሉ አነበበው። የመጋላዋ ሴት ፊቷን ሙሉ ወደ እኔ አዞረች።

«እህት አለችሽ? እስከዛሬ ደብቀሽ!»

«አለችኝ።»

«የት ናት?»

«እዚሁ፣ ሳቢያን ሠፈር።»

«ታላቅ ናት ታናሽ?»

«ታናሽ።» እያንዳንዱ መልስ ከፊተኛው ይልቅ እየቀለለኝ ሄደ።

«በይ እሁድ እመጣለሁ። አንቺን የሚያስቅ ሰው ማየት አለብኝ፣ ወላሂ።»

ሳቅኩ። የወሬ ማሳመሪያ መስሎኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ በሬ መናገር አለብኝ። የምኖረው ከዚራ ሠፈር፣ አንድ ጊቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት ነው። በኛ ከተማ ከቀትር በኋላ በር የሚዘጋ የለም። መጋረጃ ይንጠለጠላል፣ በሩ ግን ለነፋሱ ወለል ብሎ ይከፈታል። በሩ ከተዘጋ ባለቤቱ የለም ማለት ነው፤ ማንም ይህን ለማንም አያስረዳም። የእኔ በር ግን ሁልጊዜ ዝግ ነበር። አቧራው መጽሐፎቼን ያበላሻል፣ የጊቢው ወሬ መስመሬን ያሳስተኛል እል ነበር። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳነብ ድምፅ ሰማሁ።

«ሆዲ! ሆዲ!»

መጋላ ውስጥ ሰው በር አያንኳኳም፤ ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ «ሆዲ» ይላል፣ ከውስጥ «ሶ ገል» ሲሉት ይገባል። እሷ ናት። ቤቴን አየሁት። ወንበር አንድ፤ እሱም የስፌት መኪናው። ሰሃን ላይ የተደፋ ኩባያ አንድ። አሁን ወጣች እላታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ እህቴ አሁን፣ ከደቂቃ በፊት ወጣች። ተነሥቼ ከሳጥን ውስጥ ሁለተኛ ኩባያ አወጣሁ፣ የተጠጣበት እንዲመስል ውሃ አፈሰስኩበት። ከዚያ ኩባያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እኔ ማለት ግማሽ ሳንቲም የተዛነፈ ኮሌታ ፈትቼ እንደገና የምሰፋ ሰው ነኝ። ለውሸት ኩባያ ሳረጥብ ራሴን አየሁት።

«ሆዲ፣ መቀሷ!»

መልስ አልሰጠሁም።

ጎረቤቴ ወጣች። አስራ አንድ ዓመት ግድግዳ ተጋርተናል፤ ሰላምታ እንጂ ሌላ አልተጋራንም።

«የለችም መሰለኝ» አለች ጎረቤቴ፤ «በሩ ዝግ ነው።»

«እህቷ መጥታ አብረው ወጥተው ይሆናል።»

«እህት? እህት አላት እንዴ?»

ከበሩ ጀርባ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አላት» አለች የመጋላዋ ሴት፣ ቆፍጠን ብላ። «እሁድ እሁድ ነው የምትመጣው።»

«እኔንጃ፣ አይቼ አላውቅም።»

«አንቺ ቁጭ ብለሽ የሰው እህት ትቆጥሪያለሽ? ሥራ የለሽም?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ የፔርሙዝ ክዳን ሲፈታ ሰማሁ፣ ሄል የገባበት የወተት ሻይ በመስኮቱ ሸተተኝ። ለእኔና ለእህቴ ያመጣችውን ከጎረቤቴ ጋር ጠጣችው። ጠጥተው እስኪጨርሱ እርጥቡን ኩባያ ይዤ ቆምኩ፤ ብቀመጥ አልጋው ይጮኻል። ከሄደች ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩን ስከፍት፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሐልዋ አገኘሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።

ሰኞ፣ ከመምህሩ በፊት፣ «ከእህትሽ ጋር ሰላም ዋላችሁ?» አለችኝ።

«ሰላም» አልኳት። ይኼኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ላይ ነው የጻፍኩት፣ ይህን ዓይኗን እያየሁ ተናገርኩት።

መምህሩ ያለፈውን ቃል ሲከልስ እጇን አወጣች። እሁድ ጓደኛዬን ቪዚት አደረግሁ፣ በሩ ዝግ ነበር አለች፤ በራሷ እንግሊዝኛ።

«በሩ ከተዘጋማ ቪዚት አይባልም» አለ መምህሩ እየሳቀ። «ሳትገቢ?»

«ሄጃለሁ እኮ! እግሬ ሄዷል፣ ፔርሙዜ ሄዷል፣ ልቤ ሄዷል። በሩ አልተከፈተም እንጂ እኔ ሄጃለሁ!»

«እሺ ተቀብያለሁ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ወደ እኔም አላየችም። ደብተሯንም ለእርማት አልገፋችልኝም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ መቅረት ጀመረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ሳምንት። ዴስኩ ሰፋብኝ። ክርኔን እንደልቤ ዘርግቼ መጻፍ ቻልኩ፤ ለዓመታት የምፈልገው ይህን ነበር፣ ቦታ። ግን ከጻፍኩት ውስጥ አንድም ቃል ከክፍል ወጥቼ አላስታውስም። እሷ ብትቀር፣ በዚህ ከተማ እኔን ብሎ እበሬ ድረስ የሚመጣ ሌላ ሰው እንደሌለ ገባኝ። መጥታም አይቻለሁ፤ ያደረግኩትንም አውቃለሁ።

ጁምዓ ከቀትር በኋላ ሱቋን እንደምትዘጋ አውቃለሁ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ገባሁ፣ ጠይቄ ቤቷን አገኘሁ። በሩ ክፍት፣ መጋረጃው ተንጠልጥሏል። ድምፅ ማውጣት አቃተኝ። የበሩን መቃን በጣቴ አንኳኳሁ።

ከውስጥ የእሷ ድምፅ ጮኸ፦ «ቆጣሪው ውጭ ነው ያለው! አንብበህ ሂድ!»

ለካ እዚያ ሠፈር የሚያንኳኳ የመብራት ሰው ብቻ ነው። እንደገና አንኳኳሁ።

«ከላይ፣ ከላይ! ዓይን የለህም? አቦ!»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ሆዲ» አልኩ። ለራሴም አልተሰማኝ። «ሆዲ!»

«ሶ ገል» አለች፣ ቀዝቀዝ ብላ።

ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ታጥፋለች። ቆሜ ነገርኳት። እህት እንደሌለኝ፣ ከየት እንዳመጣኋት፣ ሳቢያንንም እንደፈጠርኩ። ሳቢያንን እንኳ አልፈጠርሽም አለችኝ።

«እህትሽ እንደሌለች የዚያን ለት በጎረቤትሽ ዓይን አይቻለሁ። ዋሸሽ፤ ማን የማይዋሽ አለ? እኔ ቀኑን ሙሉ ይሄ ጨርቅ አይለቅም ስል አይደል የምውለው?» ማጠፏን አቆመች። «ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ስጠራሽ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

ጨርቁን ዘርግታ እንደገና ከመጀመሪያው ማጠፍ ጀመረች፤ እጥፋቱ ሳይበላሽ።

«የተዘጋ በር ላይ መጮህ ምን እንደሆነ አታውቂም» አለች። «ሦስት ጁምዓ ትመጫለሽ። ከዚያ እኔ አንቺ ቤት መምጣት አለመምጣቴን አስባለሁ።»

«ይኼኛው ይቆጠራል?» አልኩ። መቼም እኔ ነኝ።

«ይኼማ ፍርድ ቤት ነው። አይቆጠርም።»

በመጀመሪያው ጁምዓ ከእሷና ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ተቀመጥኩ። ወሬው በሶማልኛ ይሄድና ለእኔ ሲሉ አማርኛ ላይ አረፍ ብሎ ይመለሳል። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ በመጨረሻ ጫፉ የተተረተረ መጋረጃዋን አውርጄ መዘምዘም ጀመርኩ። «ተይዋት፣ እሷ የሚያርፈው እጇ ሲሠራ ነው» አለቻቸው። በሁለተኛው ጁምዓ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ዝም ማለቴም ማንንም አላስጨነቀም። ስወጣ የሽቲ ጨርቅ ገዛሁ። «ይለቃል» አለችኝ በጆሮዬ፤ «ለአንቺ እውነቱን ልናገር።»

በሦስተኛው ጁምዓ በሩ ዝግ ነበር።

ቆምኩ። መንገደኛው ያየኛል። ከዚያ ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ሆዲ!» አልኩ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ለተዘጋ በር። ከማዶ ሻይ የምታፈላ ሴት፣ «የለችም፤ ልጇ ወልዳ ቢዮ አዋሌ ሄዳለች። አርባዋ ሳይወጣ አትመለስም» አለችኝ።

ደቻቱን ስሻገር ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነበር። ይህ ጁምዓ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ግማሽ ሳንቲም የማልምር ሰው ነኝና መንገዱን ሙሉ ይህን ስለካ ሄድኩ። አላየችኝም፤ አልገባሁም፤ እንደ ልብስ ሰፊ ቢሆን አይቆጠርም እላለሁ። ከዚያ በክፍል ውስጥ የጮኸችው ጆሮዬ ላይ መጣ። እግሬ ሄዷል። ፔርሙዝ እንኳ ባይኖረኝ፣ ድምፄ ሄዷል። በእሷ መለኪያ ከሆነ ሄጃለሁ።

ቆጠርኩት።

ከዚያ ወዲህ ከቀትር በኋላ በሬ ክፍት ነው። የሚለቀውን ጨርቅ መጋረጃ አድርጌዋለሁ። አቧራው በእርግጥ መጽሐፎቼን ያበላሻል፤ ማታ ማታ አንድ በአንድ እጠርጋቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቴ ብቅ አለች።

«ምነው በሩ ክፍት ነው? አሞሽ ነው?»

«ደህና ነኝ። ግቢ።»

«ውሃ ጥጄ ነው፣ ሌላ ቀን» አለችና ሄደች። ሌላው ቀን እስካሁን አልመጣም፤ አልፈርድባትም። አስራ አንድ ዓመት የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አርባው ገና ነው። ሁለቱ ኩባያዎች ታጥበው ሰሃኑ ላይ ተደፍተዋል። ነፋስ መጋረጃውን በገፋው ቁጥር መኪናውን አቆማለሁ፣ እግር ይሰማኝ እንደሆን። ማንም ከሌለ፣ ጊቢው ሲያንቀላፋ፣ ከመጋረጃው ውጭ የቆመ ሰው ሊሰማው በሚችል ድምፅ «ሶ ገል» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ድምፄ እበሩ ሳይደርስ ይወድቅ ነበር። አሁን ደጃፉ ድረስ ይሄዳል።