ሁለት አንባቢ የነበረው ገጽ

ልጅ እያለሁ በመላው ደባርቅ የእኔን ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደብሬ። ዓይኖቼ አያዩም። ከቤት ርቄ በአዳሪ ትምህርት ቤት ብሬል ተምሬ ስመለስ፣ አምስተኛ ክፍል ከሚያዩት ልጆች ጋር ገባሁና ከእሷ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሷ ሰሌዳው ላይ ያለውን በጆሮዬ ታንሾካሹክልኛለች፤ እኔ ወፍራሙን ወረቀት ከብረት መጻፊያዬ ላይ ቆልፌ በአጭር ወስፌ ነጥብ በነጥብ እወጋለሁ። መምህራችን «ዛሬም ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ጀመረ» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። በዕረፍት ሰዓት ፊደሎቹን አስጠናኋትና ደብሬ ብዙም ሳይቆይ ነጥቦቹን በዓይኗ ማንበብ ጀመረች። ክፍሉ ሁሉ ይኮራባት ነበር።

ያን ዓመት ታላቅ ወንድሜ ፈንታ ከቤት ጠፋ። ማክሰኞ በማለዳ ግንባሬን ስሞኝ፣ ጫካ ካሉት ጋር ሊቀላቀል በሊማሊሞ ቁልቁል ወረደ። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዷል» ትላለች። ልጁ ጫካ የገባበት ወላጅ ምን ያገኘው እንደነበር እኩዮቼ አትረሱትም። አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴ ከታሰረች ማንም አልነበረኝም። ለማንም እንዳልተነፍስ አስምላኝ ነበር፤ አልተነፈስኩምም። ጻፍኩት እንጂ። የሆዴን የማወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ነጥብ ደግሞ ማን ያነባል ብዬ ነው። ለደብሬ እንኳ አላሳየኋትም። ወረቀቱን ከሌሎቹ መሃል ከትቼ ረሳሁት፤ እስከ ዛሬ በራሴ የምናደደው በዚህ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ከተማው ውስጥ ወረቀት የሚበትኑ አሉ ተብሎ ፍተሻ መጣ። የከባድ ጫማ ድምፅ የክፍላችን በር ላይ ቆመ። ካድሬው የልጆቹን ቦርሳ አንድ በአንድ እያራገፈ እኛ ዘንድ ደረሰ። የቆዳ ጃኬቱ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ነበር።

«ይኼ ደግሞ የምን ምስጢር ነው?» አለ፣ ከወረቀቶቼ አንዱን መዝዞ።

«ዓይነ ስውራን የሚጽፉበት ነው፣ ጓድ» አሉ መምህራችን። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«እስቲ ታንብበው።»

ወረቀቱን እጄ ላይ ጣለው። ጣቴ የመጀመሪያውን መስመር ሲነካ አወቅሁት። «ወንድሜ ፈንታ ማክሰኞ በሊማሊሞ ወረደ። እናቴ ሁመራ ሄደ የምትለው ውሸቷን ነው።» ጣቴን በፈንታ ስም ላይ እያስኬድኩ፣ አፌ ግን የሳይንስ ትምህርታችንን አወጣ፦ «ዋልያ በሰሜን ተራሮች ገደል ላይ ይኖራል። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው።»

ካድሬው ያመነኝ መሰለኝ። ይኼኔ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ ሊረዳኝ ብሎ፣ «ደብሬም ታነበዋለች» አለ።

ወረቀቱ ከእጄ ተነጠቀ። ደብሬ ያን ገጽ አይታው አታውቅም፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ቃል ከዓይኗ ሥር ነው። እናቴን ከቤት ሲያወጧት፣ ስሜን ስትጠራ የሰማሁ መሰለኝ።

«ዋል... ያ» አለች ደብሬ፣ እንደ ጀማሪ እየተንተባተበች። «በሰሜን... ተራሮች... ገደል ላይ...» መሃል ላይ ቆም አለችና «እዚህ ጋ በደንብ አልወጋችውም፣ ጓድ። ጣቷ ሰነፍ ነው» ብላ እስከ ቀንዱ ድረስ ዘለቀችው። ልጆቹ ሳቁ። ካድሬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። እኔ ግን ሌላ አንባቢ ያገኝ ይሆን እያልኩ ወራት ሙሉ የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ደብሬ እንደወትሮው ክንዴን ይዛኛለች። ሌላ ጊዜ ድንጋዩን፣ ቦዩን፣ የተኛውን ውሻ ስትነግረኝ አፏ አያርፍም። ያን ቀን ግን ቃል አልወጣትም። ከባሕር ዛፎቹ ስንደርስ ቀስ ብላ፣

«ፈንታ ጋቢውን ይዞ ነው የሄደ?» አለችኝ።

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች።

ዛሬ የማያዩ ልጆች ከሌሎቹ ጋር እንደሚማሩ፣ ስልካቸውም እንደሚያነብላቸው ስሰማ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው አጠገባቸው ማን እንደሚቀመጥ ነው። ፈንታ አልተመለሰም። እናቴም ስትጠብቀው አለፈች። ደብሬ ዳባት አግብታ የልጅ ልጅ አይታለች፤ ብሬሉን ከረሳችው ቆየ። ባለፈው ስንገናኝ ያን ገጽ ታስታውሺዋለሽ ወይ አልኳት። እጄን ያዘችና ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሏ አለችልኝ። የዋልያውን አይደለም፤ የፈንታን።