አክበረት የመረጠችው መኪና

ሁለቱ መኪኖች ከሥላሴ ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሁለቱም ጎልፍ ናቸው፤ ሁለቱም ብርማ፣ ሁለቱም ናፍጣ የሚጠጡ። አክበረት ዞራ ዞራ አየቻቸውና ልዩነታቸውን አጣችው። ደላላው ካላዩ ግን እንዲህ ግራ የገባውን ሰው ማስረዳት እንጀራው ነው።

«ማዘርዬ፣ ይሄኛው ተራው ነው። ሰው ያደርሳል፣ ይመልሳል፣ አለቀ» አለና የሌላውን ኮፈን መታ መታ አደረገ። «ይሄ ግን ስፖርቱ ነው። ወደ መሬት ዝቅ ያለ፣ ቸርኬው ሰፊ፣ መሪው በቀይ ክር የተሰፋ። ሞተሩማ አይወራም! ሲረግጡት ወንበሩ ወደ ኋላ ይስብዎታል። ቀሽት መኪና!»

«ሰው ይገድላል?» አለች አክበረት።

ካላዩ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እንዲህ ያለ ጥያቄ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው አይጠይቅም፤ እሷ ግን የመጣችው መኪና ልትገዛ አልነበረም። ልጇን ልትገዛ ነው የመጣችው።

አክበረትን ፒያሳ የሚያውቃት በአዝራርና በክር ነው። በልጅነቷ ከአዲግራት መጥታ አጎቷ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ከቆመች ወዲህ፣ ያራዳ ልብስ ሰፊ ሁሉ ደንበኛዋ ሆኖ ኖሯል። ኃይለማርያምንም ያገኘችው እዚያው ነው። ለካፖርቱ አዝራር ሊገዛ መጣ፤ አዝራሩን ሲመርጥና ሲመልስ፣ ሲመርጥና ሲመልስ ከርሞ፣ በመጨረሻ ሻጯን አገባ። ሁለት ወንዶች ወለዱ። የበኩሩን ስም እሷ አወጣችና ሃፍቶም አለችው፤ የታናሹን አባትየው አወጣና ሚናስ አለው። ከዚያ ኃይለማርያም ልጆቹ ጎርምሰው ሳያይ ሞተ። ሱቁም ከፒያሳ ሱቆች ጋር ፈረሰ። አሁን የምትሸጠው ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ካንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር በተከራየቻት ጥግ ነው። ይህን ሁሉ ችላዋለች። ያልቻለችው የሃፍቶምን ነው።

ሃፍቶም በሊቢያ በኩል ሊሻገር ወጥቶ ባሕር በላው። ወሬው ለአክበረት ሲደርሳት ሚናስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊፈተን ደፋ ቀና የሚልበት ጊዜ ነበር። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መከረ። «ልጁ ይፈተን፤ መርዶውን ሲመለስ እናረዳዋለን» ተባለ። በአገራችን ወግ ይህ ክፋት አይደለም፤ ስንቱ ልጅ ፈተናውን የጨረሰው ቤተሰቡ እንባውን ውጦለት ነው! እናም አክበረት ለወራት ጥቁር ሳትለብስ፣ ፊቷን ሳታጠይም ለሚናስ ቁርስ ስታቀርብ ቆየች። ልጁ ለወንድሙ በስልክ ቀልድ እየቀዳ ይልካል። መልስ ሲያጣ «ምን ሆኖ ነው የማይመልስልኝ?» ይላታል።

«ስልኩን ሰርቀውት ነው፣ ወደይ፣ ልጄ» ትለዋለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውሃውን ከፍታ፣ አልቅሳ፣ ፊቷን አድርቃ ትወጣለች። ወጥታም ትስቃለች።

ሚናስ ተፈትኖ በተመለሰ ማግሥት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። ልጁ እንደሌላው ሰው አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ማን ማን ያውቅ ነበር?»

ሁሉም ያውቅ ነበር። ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ አብረውት ሲያጠኑ የነበሩት ጓደኞቹ እንኳ ያውቁ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጇ የምትለውን ሁሉ ግማሹን ብቻ የሚያምን ሆኖ ይሰማት ጀመር።

ፈተናውን አላለፈም። ሥራ ፈለገ፣ አጣ፣ ተኛ። ቀኑን ሙሉ ከአብሮ አደጉ ከዳኒኤል ጋር በስልክ ይንሾካሾካል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ወደ እናቱ ቀና ብሎ «ኣደይ፣ ከዳኒኤል ጋር ልሄድ ነው» አላት።

«ወንድምህ በሄደበት?»

«እዚህስ ምን እየሆንኩ ነው? ተኝቼ እኮ ነው የምውለው።»

አክበረት ከወንበሯ ተነሥታ እግሩ ላይ ወደቀች። እናት ልጇ እግር ላይ መውደቋ ለልጁ ደግ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሚናስ ደንግጦ አነሣት። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«መኪና ግዢልኝ» አለ በመጨረሻ። «ተሳፋሪ እየጫንኩ ልሥራ። ግን ጎልፍ፣ ያውም ስፖርቱን ነው የምፈልገው፤ ተራውን ከሆነ ተዪው፣ አትልፊ። ዕድሜዬን ሙሉ የሃፍቶምን ልብስ፣ የሃፍቶምን ጫማ፣ የሃፍቶምን አልጋ ነው የወረስኩት። አንድ ነገር እንኳ እኔ የመረጥኩት ይኑረኝ።»

አዲግራት የነበረውን የአባቷን ቤት ሸጠች። ካላዩን አገኘች። እነሆ አሁን ሁለቱ ጎልፎች ፊቷ ቆመዋል። ተራውን ብትገዛ ልጁ ይሄድባታል። ስፖርቱን ብትገዛ ደግሞ እየበረረ ካንዱ ግንብ ጋር ይላተምባታል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። የቱን ብትመርጥ ከሞት ጋር የምትፈራረም መሰላት።

ካላዩ መኪኖቹን ወደ ሉልሰገድ ጋራዥ እንዲወስዳቸው አደረገች። ሉልሰገድ መካኒክ ነው፤ ሃፍቶምንም ሚናስንም ከሕፃንነታቸው ያውቃቸዋል። ሁለቱንም ፈትሾ «ደኅና ናቸው» አላት። እሷ ግን አልሰማችውም። ዓይኗ ከጋራዡ ጥግ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። እዚያ ሌላ ጎልፍ ነበር፤ ስፖርቱ። ከፊት ለፊቱ እስከ መስታወቱ ተጨረማምቷል፤ የኋላው ግን ምንም አልሆነም፤ ስፖርት መሆኑን የሚናገረው ማርካውም ያብረቀርቃል።

«ይሄን ይነዳ የነበረው ማን ነው?»

«አንድ ልጅ ነው።»

«ልጁስ?»

ሉልሰገድ እጁን በናፍጣ ማጠቡን ቀጠለ። መልሱ ይኸው ነበር።

አክበረት አንድ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ ተጨረማመተው መኪና ጠቆመች። «ሉሌ፣ ተራውን ነው የምገዛው። የዚህን ቸርኬ፣ መሪውን፣ ማርካውን ፍታና ተራው ላይ ግጠምልኝ። ስፖርት ይምሰል።»

«እትዬ አክበረት! ሲነዳው ያውቀዋል እኮ።»

«በምን ያውቀዋል? ከዚህ በፊት ስፖርት ነድቶ አያውቅ።»

«ስፖርት ማለት እኮ ፍሬን የሌለው መኪና ማለት አይደለም። መኪናው ምን አደረገ? የሚረግጠው እግር ነው። ሚናስ ደግሞ ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ይመኑት።»

«አንድ ነው የቀረኝ» አለች።

ሉልሰገድ ከዚህ በኋላ አልተከራከራትም። ቸርኬዎቹን ፈታ፣ መሪውን ቀየረ፣ ሱስታውን ለውጦ ተራውን ጎልፍ ወደ መሬት ዝቅ አደረገው። ማርካውን ሲለጥፍ ፊቱን አዙሮ ነበር። አክበረት የሞተ ልጅ የጨበጠውን መሪ ለልጇ እያስጨበጠች መሆኗን ያወቀችው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ወደ ሥላሴ ሄዳ ጠበል በላስቲክ አምጥታ ውስጡን ሁሉ ረጨችው። ተራነቱ የተጻፈበትን ሊብሬ ከሻንጣዋ ግርጌ አስገብታ ቆለፈችበት።

መኪናውን ባስረከበችው ቀን ሚናስ አጠገቡ አስቀመጣት። ከቴዎድሮስ አደባባይ ተነሥተው ቸርችልን ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጡ። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ልጁ ቀይ የተሰፋውን መሪ ዳሰሰ፣ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ረገጠው። መኪናው እንደ ጨዋ መኪና ቀስ ብሎ፣ እያጉረመረመ ዳገቱን ወጣ። ወንበሩ ማንንም ወደ ኋላ አልሳበም። ሚናስ እንደገና ረገጠ። ዞሮ እናቱን አያት።

«እንዴት ነው?» አለችው፤ ጥርሷን አሳይታ።

መሪውን እንደገና ዳሰሰ። «ቀሽት ነው፣ ኣደይ።»

አክበረት በልቧ እልል አለች። ሥራውንም ጀመረ። ማለዳ ይወጣል፣ ማታ ይገባል፣ ዳቦ ብቻ ሳይሆን ቶርታ እንኳ ይዞላት የመጣበት ቀን አለ። ጎረቤቶች «ሚናስ ምን ያለ መኪና ነው የያዘው!» ሲሏት «ስፖርቱ ነው» ትላለች፤ ደጋግማ ስትለው እሷም ልታምነው ምንም አልቀራትም። የሰፈር ጎረምሶች «እስኪ እናሯሩጠው» ሲሉት «እናቴ የገዛችልኝን አላስጨንቅም» ይላቸዋል። ይህን ስትሰማ ሉልሰገድ ስለ ልጁ የተናገረው ትዝ ይላትና ቶሎ ብላ ሌላ ነገር ታስባለች።

የሃፍቶም ሙት ዓመት እሑድ ዋለ። ሥላሴ አስቀድሰው፣ ፍትሐት አስፈትተው ሲመለሱ ሚናስ ቸርችል ላይ ከሱቋ ትይዩ መኪናውን ዳር አስያዘ። ሞተሩን አጠፋው። አክበረት ቀበቶዋን ፈታች።

«ኣደይ» አለ ወደ ፊት እያየ። «ይሄ መኪና ስፖርት አይደለም።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። የመጀመሪያ ቀን እዚህችው ዳገት ላይ ነው ያወቅሁት። ረግጬው እምቢ ሲለኝ ዞሬ አየሁሽ። ፊትሽ ያኔ ለፈተና ሳጠና ቁርስ ስታቀርቢልኝ የነበረው ፊት ነው። ያኔ አላወቅሁትም ነበር። አሁን ግን ለየሁት።»

«ወደይ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ። ፈርተሽ ነው። የአባትሽን ቤት እንደሸጥሽም አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ጎረምሶቹንም ዋሸኋቸው። የሚቻል መስሎኝ ነበር። ግን በየቀኑ ስፖርት እየመሰልኩ መንዳት ሰለቸኝ። አንቺም ታስመስያለሽ፣ እኔም አስመስላለሁ፤ ቤታችን ውስጥ እውነት የሚናገር ሰው የለም።» እጁን ከመሪው ላይ አነሣ። «ሐሙስ ከዳኒኤል ጋር እሄዳለሁ። ሳልነግርሽ ልሄድ አስቤ ነበር፤ እንደዚያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን በኔ የተደረገውን ባንቺ አላደርገውም። አውቀሽ ሸኚኝ።»

አክበረት ልትጮህ ፈለገች። ልትረግመው ፈለገች። ልትለምነው ፈለገች። እግሩ ላይ እንዳትወድቅ መኪናው ጠባብ ነው። የምትለው ቃል ሁሉ ከዚህ በፊት የዋሸችበት ቃል ሆነባት። «እወድሃለሁ» ብትለው እንኳ አያምናትም፤ ይሄኛው ቃል ግን እውነት ነበር።

የፈታችውን ቀበቶ ጎትታ መልሳ አሰረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አልወርድም።»

«ኣደይ፣ ሱቅሽ እኮ ነው።»

«አልወርድም። ስፖርት አይደለም፣ ዋሽቻለሁ። ሃፍቶም ስልኩ አልተሰረቀም፣ ዋሽቻለሁ። ይሄ ግን ውሸት አይደለም፤ ከዚህ መኪና አልወርድም።»

ከኋላ ክላክስ ተንጫጫ። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ። «ይንዱ ወይ ይውረዱ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው!» ሚናስ እናቱን አያት፣ ፖሊሱን አየ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ።

ያን ቀን ማታ ቤት እስኪደርሱ አልወረደችም። ሰኞ ማለዳ ሚናስ ሲወጣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ለመናት፣ ተቆጣት፣ ከዚያ ዝም ብሎ ሥራ ጀመረ። ተሳፋሪ ከኋላ ይገባል፤ «እናቴ ናት» ይላል ሚናስ። አንዳንዱ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» ይላታል፤ አንዳንዱ በስልኩ እየተከራከረ ይወርዳል። ማክሰኞም እንደዚያው ዋሉ። ረቡዕ ዝናብ ስለነበር መስታወቱ ጉም ለበሰ፤ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውልለታለች። ካንድ ሁለት ቃል በቀር አልተነጋገሩም። የተነጋገሩት ጥቂት ነገር ግን ሁሉም እውነት ነበር። «ደክሞሻል?» ይላታል። «በጣም» ትለዋለች።

ሐሙስ የናፍጣ ሰልፍ ላይ ነበሩ። ከፊታቸው የተደረደረው መኪና መጨረሻው አይታይም። ረፋዱ ላይ የሚናስ ስልክ ጮኸ። ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ስለነበር የዳኒኤልን ስም ሁለቱም አነበቡት። አክበረት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ስልኩን ታየዋለች፤ አልነካችውም። አታንሣውም፣ አንሣውም አላለችም። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። እንደገና ጮኸ። ሚናስ እንባው ይወርድ ጀመር፤ ሳይጠርገው ስልኩን ያያል። ከፊት ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ። ከኋላ ያሉት ክላክስ አደረጉ። ልጁ ማርሽ አስገብቶ አንድ መኪና ያህል ወደ ፊት ተጠጋ። ስልኩ እስኪቆም ጮኸና ቆመ።

ዓርብ ማለዳ ሚናስ ሲወጣ አክበረት ነጠላዋን አጣፍታ መኪናው በር ላይ ቆማ ነበር። ሱቋ ከእሑድ ጀምሮ አልተከፈተም። በሩን ከፈተላት፤ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። እስከ መቼ እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም አታውቀውም።