ባሕር ላይ የቆየው አውሮፕላን

ልጅ ሳለሁ ጅቡቲ ካርቲየ 1 የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ በሙቀቱ ወራት መብራት ሲጠፋ ፍራሻችንን ይዘን ጣሪያ ላይ እንወጣለን። አያቴ አባባ ፋኖሳቸውን ይለኩሱና፣ የላምባው ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን ተረት ይነግሩናል። የባቡር መካኒክ ስለነበሩ ጅብና አህያ አይሆንላቸውም፤ የእሳቸው ተረት ሁሉ ሞተር ነበረው።

አባባ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሕግ ነበራቸው። የተጀመረ ተረት ሳያልቅ ከቤቱ ማንም መንገድ አይወጣም፤ ያላለቀ ተረት መንገደኛን መንገድ ላይ ያስቀረዋል ይሉ ነበር። እናቴ ዱባይ ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ ቪዛ በመጣላት ሰሞን፣ የአውሮፕላኑን ተረት ጀመሩ። ሰው መብረር በጀመረበት ዘመን ውቅያኖስ እንዲሻገር ተብሎ የተሠራ፣ ክንፉ እንደ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች የሆነ፣ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። ሆዱን ነዳጅ ሞልተውት፣ ሁለት ሰዎች ብርድ ላይ ተቀምጠውበት ተነሣ። ከዚያ ግን አልወርድ አለ። አንድ ምሽት ጉም ይውጠዋል፣ በሌላው አንዱ ሞተር ማሳል ይጀምራል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አያደርሰውም ወይ ስላቸው፣ ጭነቱ ከባድ ነው፣ አንዱ ብቻውን አይችለውም ብለው ጭንቀቴን ያብሱብኛል።

ያኔ መቀመጥ አቃተኝ። ቀን ወደ ዶራሌ ወደብ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች ባጓሩ ቁጥር ሰማይ ሰማይ አያለሁ። እናቴም ከኔ አትሻልም ነበር፤ ያጠፈችውን ልብስ ትፈታለች፣ መልሳ ታጥፋለች፣ ጉዞዋን የያዘው ደላላ በር ባንኳኳ ቁጥር ነገ ና ትለዋለች።

አንድ ምሽት ትዕግሥቴ አልቆ፣ ደረሱ ወይስ ሰመጡ ብዬ አለቀስኩ። አባባ ወደ እኔ አልዞሩም። የሚያዩት እናቴን ነበር።

«ላሳርፈው፣ ልጄ?» አሏት።

«ያሳርፉት፣ አባባ። ነዳጁ አልቋል» አለቻቸው።

አባባም በአንድ ትንፋሽ ማዶ ያለ አሸዋ ላይ አሳረፉትና ፋኖሱን አጠፉ። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ፤ ሌላ ያጨበጨበ አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት እናቴ ስማኝ ሄደች።

ከዓመታት በኋላ በሰላም ተመልሳለች፤ እኔ ግን አባባን አኩርፌያቸው ኖርኩ። ጥቂት ምሽት ቢያስረዝሙት ምን ነበረበት እል ነበር። ዛሬ የራሴ ልጅ ባሕር ማዶ ልሂድ ብላ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች። እኔም ተረት ጀምሬላታለሁ። ለምን እንደጀመርኩት የገባት ይመስለኛል፤ ቢሆንም በየምሽቱ መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ቀጥዪ ትለኛለች። መጀመሩስ ቀላል ነው። እንደ አባባ ማሳረፉን ግን አልቻልኩበትም።